ጋላፓጎስ፦ ዕቅዱን ከመመለሻው ቀን ጀምሩ

ከኢኳዶር ጠረፍ ወደ ምዕራብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የተቀመጡት የጋላፓጎስ ደሴቶች እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ናቸው። ኤርታሌን ያየ ሰው የረጋው ጥቁር ዐለት ባዕድ አይሆንበትም። በምዕራብ በኩል ያሉት ዛሬም አልበረዱም፤ ፈርናንዲና የተባለችው ደሴት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 እሳት ተፍታለች።

ሰው ያን ያህል ርቆ የሚሄደው ግን ለእንስሳቱ ነው። ሰውን አይፈሩም። የባህር አንበሳ በከተማው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋል። ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖሩ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፤ ባህር ውስጥ ገብቶ የሚግጥ ኢጉዋና አለ፤ በምድር ወገብ ላይ ፔንግዊን አለ። ከውኃው በታች ደግሞ መዶሻ ራስ ሻርኮች እንደ ከብት መንጋ ተከታትለው ያልፋሉ። ይህን የመጨረሻውን ለማየት ስኩባ ያስፈልጋል፤ የታመቀ አየር በጀርባ አዝሎ መጥለቅ ማለት ነው። (ብዙ ሰው «የኦክስጅን ጋን» ይለዋል፤ በጋኑ ውስጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው። ልዩነቱ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።)

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልበል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ የኢኳዶር ቪዛ ያስፈልገዋል። የፓርኩ መግቢያ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአብዛኛው የውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ 200 ዶላር ሆኗል። ከየብሱ 97 በመቶው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ አስጎብኚ ግድ ነው፤ ከእንስሳቱም ሁለት ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ሻንጣ ይፈተሻል፤ ፍራፍሬና ዘር አይገባም። ለመንገድ ቆሎ መቋጠር የምትወዱ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ወቅቱን በተመለከተ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ውኃው ይሞቃል፣ ባህሩም ይረጋጋል። ከሰኔ እስከ ኅዳር ይቀዘቅዛል፤ ግን ግዙፉ ዌል ሻርክ ዳርዊንና ዎልፍ ወደተባሉት ሩቅ ደሴቶች የሚመጣው ያኔ ነው። ወደ እነዚህ ሁለቱ የሚያደርሰው ጎብኚው የሚያድርበት ጀልባ ብቻ ነው። ሞገዱ ኃይለኛ ነው፤ ትናንት የሠለጠነ ጀማሪ አይሞክረው።

ሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ከባለቤቷ ጋር ይህንኑ ጉዞ አቅዳ ፕሮግራሙን ላከችልኝ። ከዚያ በቀጥታ ለወንድሟ ሠርግ አዲስ አበባ ሊመጡ ነው። «አክስቴ፣ ምን ምን መድኃኒት ልያዝ?» ነው ጥያቄዋ። ዓይኔ የሄደው ግን የመጨረሻው ቀን ላይ ነው። ጀልባው ሳን ክሪስቶባል ካደረሳቸው በኋላ የጉዞ ወኪሉ «ግማሽ ቀን ባዶ ነው» ብሎ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጥልቅ ጨምሮበታል። ከሰዓት በረራ፤ አዳር ኪቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል፤ 30 ሜትር ላይ ያለ ሰው ከወለሉ አራት እጥፍ ግፊት አለበት። በዚያ ግፊት ከአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደምና ወደ ሰውነት ይሟሟል። ቀስ ብሎ የወጣ ሰው ቀስ በቀስ በትንፋሹ ያስወጣዋል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ግን ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሆነው ይሆናል፤ አረፋ። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሕመም ነው፤ አከርካሪ ላይ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል።

አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሆን ይችላል። አሁን ከተሞቹን አስቡ። አዲስ አበባ ወደ 2,350 ሜትር፣ ኪቶ 2,850 ሜትር። እኛ የምንኖርበት ከተማ ለጠላቂ ሰው ከአውሮፕላን ሳይወርዱ እንደ መቆየት ነው፤ ኪቶማ ከአውሮፕላኑም ይብሳል። ጓያኪል ግን ከባህር ወለል ብዙም ከፍ አይልም።

በጠላቂዎች ሕክምና ዘንድ የተለመደው መመሪያ ለአንድ ቀላል ጥልቅ ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ጥልቅ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ለመውጣት መንገድ ላይ መቆም ላስፈለገው ጥልቅ ከዚያም ይረዝማል። እኔ ሙሉ 24 ሰዓት አልኳት፤ አዳሩም ጓያኪል።

«አክስቴ፣ ወኪሉኮ ምንም አይደለም ብሎናል።»

«ሠርግ ቤት ተሸክመን የምናስገባሽ እኛ ነን እንጂ ወኪሉ አይደለም» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ሰረዘችው። ያንን ግማሽ ቀን ከባህር አንበሶቹ ጋር ዳርቻ ላይ ያሳልፉት። 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለው ወደ ኤል ጁንኮ ሐይቅ መውጣትም በዚያ ቀን አይሁን፤ ምክንያቱ ያው ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ጋላፓጎስ ላይ ወባ የለም። ከዚያ በፊት ወባ ያለበት ቦታ የሚያልፍ ጠላቂ ሜፍሎኪን እንዳይታዘዝለት ለሐኪሙ ይንገር፤ ማዞርና ግራ መጋባት ስለሚያመጣ ከአረፋው ሕመም ጋር ይምታታል። ጉንፋን የያዘው ሰው በመድኃኒት አፍንጫውን ከፍቶ አይጥለቅ። የመድኃኒቱ ኃይል ከታች ሲያልቅ ጆሮና ሳይነስ ተደፍኖ ሲወጣ ያሠቃየዋል። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የልብ ሕመም ወይም ሳንባው ተቀዶ አየር የፈሰሰበት ታሪክ ያለው፣ ጉዞውን ከመክፈሉ በፊት ይመርመር። ነፍሰ ጡር አትጠልቅም። ዕድሜው 45 ያለፈም ግፊቱንና ልቡን ያሳይ። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ጥልቅን አይሸፍንም፤ ከዎልፍ ደሴት ሕመምተኛ ማውጣት ደግሞ ረጅም የባህር ጉዞና ብዙ ገንዘብ ነው። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው ድርጅት ለጠላቂዎች ኢንሹራንስም፣ ሌት ተቀን የሚሠራ የአደጋ ጊዜ ስልክም አለው። ቁጥሩ በወረቀት ይጻፍ፤ ስልክ ይዘጋል።

ምልክቶቹ የትከሻና የክርን ሕመም፣ የቆዳ ማሳከክና መዥጎርጎር፣ መደንዘዝ፣ የእግር መክበድ፣ ማዞር፣ ሽንት አልወርድ ማለት፣ ያልተለመደ ድካም ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፤ ከበረራ በኋላም ሊመጡ ይችላሉ። ሰው ግን «ሻንጣ ተሸክሜ ነው»፣ «ብርድ መትቶኝ ነው» እያለ በቅባት ያሸዋል። መታሸት አይደለም የሚያስፈልገው፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅንና በቶሎ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ተረኛ ክፍል ውስጥ ያለ ሐኪም ደግሞ በሥራ ዘመኑ አንድም ጠላቂ ላያገኝ ይችላልና ጠልቀሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ገና አልጋው ላይ ስትቀመጡ፣ ስለ ሕመሙ ከመናገራችሁ በፊት «ጠልቄ ነበር» በሉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጥልቀቱንም አስመዝግቡ።