የሙት ስም ገበያ፦ ስለርካሽ የካራቴ ፊልሞች መስህብ

በአነስተኛ ገንዘብ የተሠሩ የካራቴ ፊልሞች (አብዛኞቹ የኩንግፉ ቢሆኑም በእኛ ዘንድ የጸናላቸው ስም ካራቴ ነው) በሥነጽሑፍ ጥናት ውስጥ እምብዛም አይነሡም። ታሪካቸው ተደጋጋሚ፣ ትወናቸው ደካማ፣ ድምፃቸው ከተዋንያኑ ከንፈር ጋር የማይገጥም ነው ተብለው ይታለፋሉ። ፍርዱ ሐሰት አይደለም። ግን ተመልካቹ ጉድለቱን እያየ ለምን እንደሚወዳቸው አይነግረንም።

ለዚህ ጥያቄ ከብሩስ ሊ ሞት በኋላ በሆንግ ኮንግ፣ በታይዋንና በደቡብ ኮርያ የተሠሩት ፊልሞች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ብሩስ ሊ የሞተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1973 ሲሆን፣ ዝናውን በዓለም ያናኘው «ኢንተር ዘ ድራገን» አሜሪካ ውስጥ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ፈላጊው ሲበዛ ተፈላጊው አልነበረም። አምራቾች ታይዋናዊውን ሆ ቹንግ ታኦን «ብሩስ ሊ» ብለው አወጡት፤ በላቲን ፊደል አጻጻፉ ከዋናው ጥቂት ይለያል፣ በእኛ ፊደል ግን ያች ልዩነት እንኳ ትጠፋለች። «ብሩስ ሌ» እና «ድራገን ሊ» ተከተሉ።

ዋናው የተባለውም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ብሩስ ሊ በ1972 ጀምሮ ያቋረጠው «ጌም ኦፍ ዴዝ» በ1978 የወጣው በተመሳሳዮች ተሞልቶ ነው። በአንድ ትዕይንት የሟቹ ፊት ምስል መስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ የእውነተኛው ቀብሩ ቀረጻም ገብቶበታል። በ1980 ግድም የወጣው «ዘ ክሎንስ ኦፍ ብሩስ ሊ» ደግሞ የገበያውን ምሥጢር ታሪክ አድርጎ ያቀርበዋል፤ አንድ ሳይንቲስት ከሟቹ አካል ናሙና ወስዶ ሦስት ብሩስ ሊዎችን ይሠራል!

ተመልካቹ ተታልሎ ነው እንዳንል፣ ሰውየው መሞቱን ያውቃል። በእኔ እምነት የሚመለከተው ተረት እንደሚሰማ ሰው ነው። መምህሩ እንደሚገደል፣ ደቀ መዝሙሩ ተምሮ እንደሚበቀል አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚመዝነው አነጋገሩን ነው። ተፋላሚው ከመግጠሙ በፊት ስሙንና የትምህርት ቤቱን ስልት ሲያውጅ ፉከራ የሚያውቅ ጆሮ እንግዳነት አይሰማውም፤ ተወራራሽነት ሳይሆን የተግባር ተመሳሳይነት ነው። አፍንጫን በአውራ ጣት መጥረግ፣ ያ የድመት የመሰለ ጩኸት፣ ሁሉም የተጠበቁ ቀመሮች ናቸው። ተዋናዩ ምን ያህል ቀረበ? የት ላይ ሳተ? ደስታው ከዚህ ይመነጫል።

ድህነቱም ራሱ ያገለግላል። ጉድለትን በዘዴ የሚሸፍን ገንዘብ ስለሌለ ካሜራው ተፋላሚዎቹን ከራስ እስከ እግር እያሳየ ይቆያል፤ ዝላዩ የሰው ዝላይ፣ ድካሙም የሰው ድካም ነው። ታሪኩን ያላመነ ተመልካች አካሉን ያምናል። በኋላ ዘመን ምዕራባውያን ዘንድ የተስፋፋው የፌዝ አድናቆት ይህን የሚያይ አይመስለኝም። በርግጥ ብዙዎቹ ፊልሞች ይህንንም አያሟሉም፤ የሚያሰለቹ ናቸው።

ሥነቃል ውስጥ የከዋኙ ስም እንደሚረሳ ሁሉ እዚህም ችሎታው የሕያው፣ ስሙ የሙት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ኢንተር ዘ ክሎንስ ኦፍ ብሩስ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ሆ ቹንግ ታኦንና ጓደኞቹን በእርጅናቸው አቅርቦ ስለራሳቸው አናግሯቸዋል።