ጥሩ ማር በምን ይታወቃል? ተረቱና እውነታው

ማር ንቦች ከአበባ የቀሰሙት ጣፋጭ ፈሳሽ በቀፎ ውስጥ በኢንዛይም ተለውጦና ውሃው ተኖ ሲወፍር የሚገኝ ምግብ ነው። ከመቶ ግራም ማር በአማካይ 38 ግራም ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ግራም ያህሉ ግሉኮስ፣ 17 ግራም ያህሉ ደግሞ ውሃ ነው። የቀረው ሌሎች የስኳር ዓይነቶች፣ አሲዶች፣ ማዕድናት፣ ኢንዛይሞችና የአበባ ብናኝ ናቸው። ለአንዱ ማር ከሌላው የተለየ መልክ፣ ሽታና ጣዕም የሚሰጠው በአብዛኛው ይህ ትንሹ ቀሪ ክፍል ነው።

ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም አገር ናት። አብዛኛው ምርት የሚገኘውም ዛፍ ላይ ከሚሰቀሉ ወይም ጓሮ ከሚደረደሩ ባህላዊ ቀፎዎች ነው። ማሩ ከገበሬው ጓዳ ተነስቶ ከተማ ሱቅ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ በመካከል ስኳር፣ ዱቄት ወይም ውሃ የሚቀላቅል አይጠፋም። ስለዚህ ገዢ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ችግሩ ሐሰተኛውን ለመለየት የሚጠቀምባቸው ምልክቶች አብዛኞቹ የተሳሳቱ መሆናቸው ነው፤ ደህናውን ማር አስጥለው የተበረዘውን ያስገዙታል።

«የረጋ ማር ስኳር አለበት»

ከሁሉ የተስፋፋው እምነት ይህ ነው። ኅዳር ላይ ወለላ ሆኖ የተገዛ ማር ጥር ላይ ሲከፈት ማንኪያ አላስገባ ካለ፣ ቤተሰቡ «ስኳሩ ወጣ» ብሎ ይደመድማል፤ ሻጩም ይረገማል። ነገር ግን መርጋት የንጹሕ ማር ተፈጥሯዊ ባሕርይ ነው። የሚረጋው ግሉኮሱ ነው፤ በማር ውስጥ ያለው ጥቂት ውሃ ያን ሁሉ ግሉኮስ አሟሙቶ መያዝ ስለማይችል፣ የተረፈው ቀስ በቀስ ጥቃቅን ጠጠር ይሠራል። ፍሩክቶስ ግን ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በመሆኑም ግሉኮስ የሚበዛበት ማር በሳምንታት ውስጥ ሊረጋ ሲችል፣ ፍሩክቶስ የሚያይልበት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከክረምት ማግሥት ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው የመጭ አበባ ማር ፈጥነው ከሚረጉት ወገን ነው።

የአበባ ብናኝና የሰም ቅንጣትም ለጠጠሩ መነሻ ይሆናሉ። በጨርቅ ብቻ የተጣራ የገበሬ ማር በፋብሪካ ተሙቆ በረቂቅ ማጣሪያ ካለፈው ማር ቀድሞ የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው። የአየሩ ሙቀትም ድርሻ አለው። ለመርጋት የሚመቸው 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ሲሆን፣ ይህ በደጋ አገር የተለመደ የጓዳ ሙቀት ነው። እንግዲህ መደርደሪያ ላይ ለወራት ተቀምጦ ቅንጣት ጠጠር ያልያዘ ማር ከረጋው የበለጠ ታማኝ ነው የሚያሰኝ ምንም ነገር የለም።

የረጋውን ለመመለስ ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። እሳት ላይ መጣድ ግን ማሩን ይጎዳዋል፦ ኢንዛይሞቹ ይበላሻሉ፣ የአበባው ሽታ ይተናል፣ ሃይድሮክሲሜቲልፈርፈራል የተባለ ውህድም ይበዛል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የዚህን ውህድ መጠን በኪሎ ማር 40 ሚሊግራም፣ ለሞቃታማ አገሮች ማር ደግሞ 80 ሚሊግራም ላይ የገደበው፣ ማሩ ምን ያህል እንደተሞቀ ወይም እንደቆየ ስለሚያሳይ ነው።

«ንጹሕ ማር ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ወረቀት አያርስም፣ ክብሪት ያስነሳል፣ ጉንዳን አይቀርበውም»

እነዚህ የቤት ውስጥ ፈተናዎች ከትውልድ ትውልድ ተላልፈዋል፤ ዛሬ ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ይዞራሉ። አንድ በአንድ ሲታዩ ሦስቱ የሚለኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የውሃ መጠን። ማር ከውሃ 1.4 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ብርጭቆ ውስጥ ሲንጠባጠብ ሳይበተን ወደ ታች ይወርዳል። ይሁንና በምድጃ ላይ በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕም እንደዚያው ይወርዳል። ደረቅ ወረቀት ላይ ያረፈ ጠብታ አለመስፋቱና ክብሪት ማር ከነካ በኋላ መለኮሱም እንዲሁ ፈሳሹ ወፍራም መሆኑን እንጂ ከአበባ መምጣቱን አይናገሩም። ወፍራም ሽሮፕ ሁሉንም ያልፋል፤ ውሃው ትንሽ የበዛ እውነተኛ ማር ግን ይወድቃል። የጉንዳኑ ነገር ከሁሉ የባሰ ነው። ጉንዳን ማር እንደሚወድ ንብ አናቢ ሁሉ ያውቃል፤ የቀፎ መቆሚያ እግር ላይ አመድ የሚነሰነሰው ወይም የተቃጠለ ዘይት የሚቀባው ለዚሁ ነው።

ከቤት ሙከራዎች ውስጥ በእርግጥ የሚሠራ አንድ አለ፤ እሱም ለአንድ ማጭበርበሪያ ብቻ። ዱቄት ተቀላቅሎበት እንደሆነ፣ ትንሽ ማር በውሃ ተበጥብጦ አዮዲን ጠብ ሲደረግበት ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ስኳር ከሆነ ግን አዮዲን አይነካውም።

ስኳርን የሚያጋልጠው ቤተ ሙከራ ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው አበቦች ከሞላ ጎደል ሁሉ የተለየ ስለሆነ፣ የከባዱና የቀላሉ ካርቦን ምጣኔ ሲለካ የአገዳ ስኳር ይታወቃል። ይህ ዘዴ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ከሩዝ ወይም ከስኳር ቀይ ሥር የሚሠራ ሽሮፕ ግን ከአበባው ጋር አንድ ዓይነት ምጣኔ ስላለው ያመልጠዋል፤ ለእነሱ እንደ ኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ያሉ ውድ መሣሪያዎች ያስፈልጋሉ። በክብሪት የሚታወቅ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ባላስፈለገ ነበር።

ለገዢም ለነጋዴም የሚመጥን አንድ ርካሽ መሣሪያ ሪፍራክቶሜትር ነው። አንድ ጠብታ ማር በመስታወቱ ላይ ተደርጎ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ በቀዳዳው ወደ ብርሃን ሲታይ፣ ሰማያዊውና ነጩ የሚለያዩበት መስመር የውሃውን መጠን በመቶኛ ያሳያል። ኮዴክስ ከጥቂት የተለዩ ማሮች በቀር ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል።

«ምርጡ ማር ነጩ ነው»

ነጭ ማር ጥሩ መሆኑ እውነት ነው፤ ጥሩነቱ ከነጭነቱ መምጣቱ ግን እውነት አይደለም። መልክ የሚመጣው ከአበባው ነው። በትግራይ ተበብና ግርብያ ከሚባሉት ዕፅዋት የሚገኘው ማር፣ የላስታና የላሊበላ ነጭ ማር፣ እንዲሁም በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች፣ በከፋና በሸካ፣ በኦሮምኛ ገተማ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘው ማር በተፈጥሯቸው ነጣ ያሉ ናቸው፤ ሲረጉም እንደ ቅቤ ይለሰልሳሉ። ስሎው ፉድ የተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ለየት ያሉ የአካባቢ ምግቦችን በሚደግፍበት ፕሮግራሙ የውቅሮን ነጭ ማር አካትቷል፤ ከኦሮሚያም የወንጪ ማር እዚያው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ማር ሲረጋ ከወለላው ይልቅ ይነጣል፤ ጥቃቅኑ ጠጠር ብርሃን ስለሚበትን ነው። ስለዚህ የረጋ ቢጫ ማር «የትግራይ ነጭ» ተብሎ ሊሸጥ ይችላል፤ ይሸጣልም። በሌላ በኩል የግራዋና የብሳና ማር ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል፤ ገዢ መልኩን አይቶ «የተቃጠለ» ወይም «አሮጌ» ይለዋል። በእርግጥ የተሞቀና የከረመ ማርም ይጠቁራል። ሁለቱን የሚለየው ዓይን ሳይሆን ምላስ ነው። የተሞቀው የካራሜላ ጣዕም ይሰጣል፤ የግራዋ ማር ግን መጀመሪያ ይጣፍጥና መጨረሻ ላይ ቀለል ያለ ምሬት ትቶ ያልፋል። ምሬቱ ነውር ሳይሆን የአበባው ፊርማ ነው። የቁልቋል ማርም ጉሮሮ በማቃጠል ይታወቃል፤ ብዙዎች የማይገዙት በዚህ ነው።

የጭስ ሽታም «የአገር ቤት ማር» ምልክት ተደርጎ ይወደሳል። ጭሱ ከአበባም ከንብም አይመጣም፤ ሌሊት በእሳት ንብ ሲባረር ማሩ ውስጥ የገባ ነው፤ ልምድ ያለው ቀማሽ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል።

ማር ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው ሻጩን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ከክብሪቱ የበለጠ ያተርፋል፦ ከየት ወረዳ መጣ፣ በየትኛው ወር ተቆረጠ፣ በዚያ ወር አካባቢው ላይ ያበበው ምንድን ነው? በብዙ ደጋማ አካባቢ ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ የደቡብ ምዕራብ የጫካ ማር ግን በብዛት ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይቆረጣል። «የከፋ የጫካ ማር፣ የኅዳር» የሚል ሻጭ ቢያንስ አንዱን ተሳስቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የትኛው ዕፅ መቼ እንደሚያብብና ለንብ ምን እንደሚሰጥ ፊችትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ላይ በዝርዝር ሰፍሯል።

ጣዝማ ለብቻው የሚታይ ነው። የሚሠራው መርፌ በሌላት፣ ከመሬት በታች ጎጆዋን በምትሠራ ትንሽ ንብ ነው። ቀጠን ያለና ጎምዘዝ የሚል መሆኑ ገዢን ያስደነግጣል፤ ተፈጥሮው ግን ይኸው ነው፤ የውሃ መጠኑም ከተራ ማር ይበልጣል። ለሳልና ለጉሮሮ በመድኃኒትነት ስለሚፈለግ ዋጋው ውድ ነው፤ ውድ በመሆኑም ተራ ማር በውሃና በሎሚ ቀጥኖ በስሙ ቢሸጥ የሚያስገርም አይደለም።

«ማር አይበላሽም»

ውሃው ካነሰና ክዳኑ ከተገጠመ አይበላሽም። ከ20 በመቶ በላይ ውሃ ሲኖረው ግን በውስጡ ያለው እርሾ ይነቃል፦ አረፋ ይወጣዋል፣ ይኮመጥጣል፣ ክዳኑ ሲከፈት ጠጅ ጠጅ ይሸታል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቀፎው ላይ ይጀምራል። ንቦች ማሩ በቂ ሲደርቅ እያንዳንዱን ቀዳዳ በሰም ይደፍኑታል፤ የተደፈነው የማር እንጀራ የደረሰ ነው፣ ያልተደፈነው ጥሬ ነው። የቸኮለ ቆራጭ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨምቃል። ማር እርጥበት ስለሚስብ፣ ደህናውም ቢሆን በክረምት ክፍት ድስት ውስጥ ከከረመ ውሃ ይጠጣል።

ስለ ጤና የሚነገሩትን በተመለከተ ሁለቱ አሳሳቢ ናቸው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም፤ አዋቂን የማይጎዳው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ሊገድል የሚችል መርዝ ያመነጫል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም «ተፈጥሯዊ ስለሆነ» ብሎ እንደልቡ ሊበላው አይገባም፤ አብዛኛው ክፍሉ ስኳር ነው።

«ጌሾ ነው የሚያሰክረው፤ ጥሩ ጠጅም ቢጫ ነው»

ጠጅ ማርና ውሃ ተበጥብጦ ከጌሾ ጋር ሲብላላ የሚገኝ መጠጥ ነው። ምጣኔው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለአንድ እጅ ማር ከሁለት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይደረጋል። አልኮሉን የሚሠራው ጌሾው ሳይሆን የማሩን ስኳር የሚበላው እርሾ ነው። ጌሾ የሚሰጠው ምሬትንና መዓዛን ሲሆን፣ አንዳንድ ጎጂ ተሕዋስያንንም ይገታል። ያለ ጌሾ፣ ሳይብላላ በፊት የሚጠጣው ብርዝ ነው። በውጭ አገር በጠርሙስ «ጠጅ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ጌሾ የሌለባቸው ስለሆኑ፣ አገር ቤት የጠጣ ሰው ጣዕሙ ቢጎድልበት አይገርምም፤ እዚያው አገር የኢትዮጵያ ሸቀጥ መደብሮች ውስጥ የደረቀ ጌሾ ማግኘት ግን አይቸግርም።

ቢጫነት ደግሞ ማሰሮ ውስጥ ቀለም መጨመር ቀላል በሆነበት ዘመን ለማንም ማስረጃ አይሆንም። የጠጅ መልክ እንደ ማሩ ከፈዛዛ እስከ ቡናማ ይደርሳል፤ ደመቅ ብሎ የሚያበራ፣ ከንፈርና ጣት የሚያቀልም ቢጫ ይልቁንም ሊያስጠረጥር ይገባል። ዳመናማነቱም ጉድለት አይደለም፤ ያልተጣራው እርሾና የአበባ ብናኝ ነው። ጣዕሙ የበለጠ ይናገራል። በስኳር የተጠመቀው ጣፋጭነቱ ሲያልቅ ባዶ ይሆናል፤ የማሩ ጠጅ ግን የማሩን ሽታ ከብርሌው አፍ ጀምሮ ይዞ ይቆያል። ጠጅ ጣይ ለጥንስሱ ከነሰፈፉ የተገዛ፣ ያልተጣራ ማር የሚመርጠውም በምክንያት ነው፦ ዋጋው ይቀንሳል፤ ከጠጁ ላይ የተገፈፈው ሰፈፍም ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ስለሚሆን ተመልሶ ይሸጣል። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከምትልከው ሰም ጉልህ ድርሻ ያለው ከዚህ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ የሚገኘው ነው።