ዝም ያለው መኪና ሲናገር

አንባቢ ሆይ! በዕረፍት ጊዜህ ያረጀ መኪና መጠገን የምትወድ እንደ ሆነ፣ ስለ ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ጥቂት ልንገርህ። ይህ መኪና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በአሜሪካ ወጥቶ፣ ከኮምፒዩተር የሚመጣውን ቃል በሴኮንድ 10 ፊደል እየመታ በወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። ዛሬም ከተጣለበት እያነሡ የሚያድሱት ሰዎች አሉ።

ከእጅህ ቢገባ ግን አደራህን፣ ኤሌክትሪክ ለመሰካት አትቸኩል። በመዶሻው ጫፍ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ከዕድሜ ብዛት እንደ ሙጫ ቀልጣ ይሆናል። ብረቱ ያለ ላስቲክ ቢመታ፣ ፊደሎቹ የተቀረጹበትን ሲሊንደር ያበላሸዋል፤ ምትኩም በቀላሉ አይገኝም። አስቀድመህ ሙጫውን ጥረግ፤ መዶሻውን በልኩ የተቆረጠ የላስቲክ ቱቦ አልብሰው፤ የደረቀውን ቅባት አጽድተህ አዲስ ዘይት ቀባ። ከዚያ ሰክተህ አድምጥ፤ ለብዙ ዓመት ዝም ያለው መኪና ሲንኳኳ ትሰማለህ። የድካምህ ዋጋ ይኸው ነው።