አሮጌ የትራም ሐዲዶች ከመንገድ ቶሎ የማይነሱበት ምክንያት

በአንድ ከተማ የትራም አገልግሎት ሲቋረጥ ሠረገላዎቹ ወዲያውኑ ከመንገድ ይወጣሉ፤ ሐዲዱ ግን ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሊቆይ ይችላል። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካ ርዕሰ ከተማ ዋሽንግተን ለዚህ ማሳያ ናት።

በከተማዋ እ.ኤ.አ በ1862 በፈረስ በሚጎተቱ ሠረገላዎች የተጀመረው አገልግሎት፣ በኋላ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል። የአገሪቱ ምክር ቤት በመሐል ከተማ የትራም ሽቦ ከመንገድ በላይ እንዳይዘረጋ በሕግ በመከልከሉ፣ በዚያ አካባቢ ኃይሉ የሚተላለፈው ከመሬት በታች ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተተወ ጠባብ ክፍተት አልፎ የሚወርድ መሣሪያ ከመንገዱ ሥር ካለው ቦይ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። በመሆኑም ሐዲዱን ማንሳት ሁለት ብረቶችን መንቀል ብቻ ሳይሆን፣ ቦዩን የተሸከሙትን ከባድ የብረት ድጋፎችና ኮንክሪቱን ጭምር ቆፍሮ ማውጣትን ይጠይቃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት እጅግ ተፈላጊ በነበረበት ወቅት በበርካታ የአሜሪካ ከተሞች ከአገልግሎት ውጪ የሆኑ ሐዲዶች ለጦርነቱ ግብዓት እንዲውሉ ተነቅለዋል። በሰላም ጊዜ ግን የብረቱ ዋጋ የቁፋሮውን ወጪ እምብዛም ስለማይሸፍን፣ ከተሞች በአብዛኛው ሐዲዱን በአስፋልት መሸፈንን ይመርጣሉ።

ከአማራጮቹ ሁሉ ደካማው ግን ይኸው ይመስላል። ብረትና አስፋልት ለሙቀትና ለቅዝቃዜ የሚሰጡት ምላሽ የተለያየ በመሆኑ ሐዲዱን ተከትሎ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የሚሰርገው ውኃም የመንገዱን መሠረት ያዳክማል። በአሮጌ ጎዳና ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ስንጥቅ ያየ መንገደኛ ከሥሩ ሐዲድ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ በ1967 ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብሎ በተሰየመው የጆርጅታውን ሠፈር፣ በኦ እና በፒ ጎዳናዎች ሐዲዱና የተነጠፈው ጥርብ ድንጋይ ሳይሸፈኑ ቀርተዋል። ከጊዜ ብዛት መንገዱ ተቦርቡሮ ለተሽከርካሪ አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ከተማዋ ሐዲዱን አስወግዳ አስፋልት አላነጠፈችም። እ.ኤ.አ ከ2011 እስከ 2012 በተካሄደው እድሳት ድንጋዮቹ ተነስተውና ሐዲዱ ተጠግኖ በነበሩበት ተመልሰዋል።

ቅርሱ በዚህ መልኩ ቢጠበቅም የብስክሌተኞች ሥጋት አልተወገደም። ቀጭን ጎማ በሐዲዱ ስንጥር ውስጥ ሊቀረቀር፣ በዝናብ ጊዜም በብረቱ ላይ ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ሐዲዱን በአግድም ሳይሆን ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ማቋረጥ ይመከራል።