ገንዘብ በስልክ እንዴት ይላካል?

ዳባት ገበያ ገብስ የሸጠ ገበሬ ብሩን በመቀነቱ ቋጥሮ ሲሄድ ሌባ ያሳስበዋል። ዛሬ ሌላ ዘዴ አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የሚባል አገልግሎት ጀመረ። በቴሌብር ገንዘብ በስልክ ይላካል፤ በስልክም ይቀበሉታል። ተራ ስልክ ይበቃል።

ታዲያ ብሩ ስልኩ ውስጥ ገባ ማለት ነው? አይደለም። ወኪሉ ብሩን ተቀብሎ በስማችሁ በተከፈተው ሂሳብ ያስገባል። ስልኩ በር ነው እንጂ ጎተራ አይደለም። የበሩ ቁልፍ 6 አሃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር ነው። ቁልፉን ያገኘ ሰው ጎተራውን ይከፍታል። ስለዚህ የምሥጢር ቁጥር ለወኪልም፣ ለጎረቤትም፣ «ከመሥሪያ ቤት ነው የምደውለው» ለሚልም አይነገርም። ጽፎ ከስልኩ ጋር መያዝም ቁልፍን በር ላይ ትቶ መሄድ ነው። ስልኩ ከጠፋ ቶሎ ሂዶ ማሳገድ ይገባል።

ደባርቅ ላይ ነጋዴ ባቄላችሁን ገዝቶ «ብሩን ልኬአለሁ» ቢላችሁስ? የመጣውን መልእክት ብቻ አትመኑ። ሐሰተኛ መልእክት የሚልክ አታላይ አለ። *127# (ኮከብ፣ 127፣ መሰላል) ብላችሁ ደውሉ፤ ቀሪ ሂሳባችሁን አንብቡ። ሂሳቡ ሳይጨምር እህሉ አይጫን።

ቁጥር ያልለየ ሰው ስልኩንም ምሥጢሩንም ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል። ቁጥር የለየ ግን 500ን ከ5,000 ለይቶ የላቡን ዋጋ ራሱ ይጠብቃል። እናንተ አሁን ቁጥር ለይታችኋል። ስለዚህ ሂሳባችሁን በገዛ ዓይናችሁ እዩ፤ ላልሰማው ጎረቤትም ይህን አንብቡለት።