ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ባለሙያ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ሳሙኤል ግሪን የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለሙያ አጋሮቹ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ መጽሐፍ ማቀበል ብቻውን አይበቃም፣ አንባቢውን ቀርቦ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል አለ። ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ጥግ ላይ የምትታየው፣ አንባቢ ባለሙያን በጽሑፍ የሚጠይቅባት የቻት ሳጥን የዚያ ሐሳብ ቀጣይ ናት። አገልግሎቱን የሚያመሰግኑ ሰዎች ፍጥነቱን ያስቀድማሉ፤ እኔ ግን ዋናው ጥቅሙ ባለሙያው መልሶ መጠየቁ ነው ባይ ነኝ። «ስለ ቡና መጽሐፍ አላችሁ?» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሚፈልገው ምናልባት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ለምን እንደሚዋዥቅ ይሆናል። ባለሙያው «ለምን ጉዳይ ነው?» ብሎ ካልጠየቀው ስለ ቡና አተካከል የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ ይቀራል። ጠረጴዛ ፊት ቆሞ መጠየቅ የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ይህን ምልልስ በጽሑፍ ሲሆን ይደፍረዋል።

ቻት ፊት አያሳይም፣ ግራ መጋባት አይነበብበትም የሚሉ እውነት አላቸው፤ ስለዚህም ነው ባለሙያው «የፈለጉትን አገኙ?» ብሎ ሳያረጋግጥ መሰናበት የሌለበት። ይህን ሥራ ለማሽን እንስጠው ለሚሉት፣ የመክፈቻ ሰዓትንና የውሰት ማራዘሚያን ማሽን ቢመልስ አልቃወምም። ነገር ግን ማሽን በደንብ ያልተጻፈን ጥያቄ እንደ ተሟላ ቆጥሮ ሊመልስ፣ የሌለ መጽሐፍም ፈጥሮ ሊጠቁም ይችላል። ሠራተኛ ከየት ይመጣል ለሚለው ከባድ ጥያቄ አንድ መልስ በ2002 ተሞክሯል። ኦሲኤልሲ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ድርጅትና የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኩዌስችንፖይንት የተባለውን አገልግሎት ሲመሠርቱ፣ አባል ቤተ መጻሕፍት ጥያቄዎችን ተጋርተው እንዲመልሱ መንገድ ተከፈተ፤ አንዱ በሩን ሲዘጋ ሌላው ይቀበላል። ሩቅ ያለው ባለሙያ የሌላውን ቤት ደንብ ላያውቅ ይችላል፤ ያም ሆኖ ከዝምታ ይሻላል።

ለእኛ አገር ቤተ መጻሕፍት ቅርቡ መንገድ ቴሌግራም ነው፤ ተማሪው ቀድሞውንም እዚያው አለ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ሚቦ በተባለ ነጻ የቻት መሣሪያ ላይ ተደግፈው ነበር፤ ጉግል በ2012 ገዝቶ ሲዘጋው ሌላ ፍለጋ ገቡ። ከዚህም የሚብሰው ምስጢር ነው፤ ስለ ሕመሙ ወይም ስለ እምነቱ የሚጠይቅ አንባቢ ቃሉ በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ውስጥ መቅረት የለበትም። አካውንቱ የተቋሙ ይሁን፣ ባለሙያው የሚገኝበት ሰዓት በግልጽ ይለጠፍ፣ ምልልሱም ጉዳዩ ካለቀ በኋላ ይሰረዝ።