እሳት የነካው ኮንክሪት

ጦርነት በጎዳት የሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ሪያድን በመሰሉ ሰፈሮች መልሶ ግንባታ ሲታሰብ የመጀመሪያው ሥራ ያልፈነዱ ተተኳሾችን በባለሙያ ማስጠረግ ነው፤ ዶዘር ከዚያ በፊት አይገባም። ከባዱ ጥያቄ ቀጥሎ ይመጣል፦ የነደደ ሕንፃ ይጠገናል ወይስ ይፈርሳል? በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የተቃጠለው የታላቁ ናይል ፔትሮሊየም ኩባንያ ማማ ጉልህ ምሳሌ ነው።

ኮንክሪት 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ፣ እንደ ጠጠሩ ዓይነት፣ መልኩ ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላል። ከዚያ በላይ ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል፤ 600 አካባቢ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ጥቀርሻን በቀለም መሸፈን (ብዙዎችን የሚያጓጓ አቋራጭ ነው) ጉዳቱን ይደብቃል እንጂ አይጠግንም። መሐንዲሱ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ ናሙና ቆርጦ ላቦራቶሪ ያስፈትሻል፣ ፌሮውንም ይመረምራል። ዓምዱና ወለሉ ደህና ከሆኑ ማትረፉ ብዙ ሲሚንቶ ያድናል፤ የፈረሰውም ተፈጭቶ ለመንገድ ሙሌት ይውላል።